የመጀመሪያ ማንኪያችሁን ለመቅረጽ፦ የትኛው እንጨት፣ የትኛው መሣሪያ፣ የትኛው ቅርጽ?

ማንኪያ መቅረጽ ጀምረው የተዉ ሰዎችን ሳነጋግር የምሰማው ቃል አንድ ዓይነት ነው፦ “እጄ አልታዘዝ አለኝ።” ጅምራቸውን ሲያሳዩኝ ግን ጥፋቱ የእጃቸው ሆኖ አላገኘውም። የያዙት እንጨት ለዓመታት ደርቆ እንደ ቀንድ የጠነከረ ጣውላ ነው። ቢላቸው ከተገዛ ጀምሮ አልተሳለም። የመረጡት ቅርጽ ደግሞ ብዙ የሠራ ሰው እንኳ የሚፈተንበት ቀጭን የመመገቢያ ማንኪያ ነው። እነዚህ ሦስት ምርጫዎች ቢስተካከሉ ያው እጅ የሚኮራበትን ነገር ይሠራ ነበር።

ስለዚህ ለጀማሪ የሚቀርቡትን አማራጮች ጎን ለጎን አስቀምጬ የትኛው ለማን እንደሚስማማ ልንገራችሁ። አቋሜን ከወዲሁ ላሳውቅ፦ እርጥብ እንጨት፣ አንድ ቀጥ ያለ ቢላ፣ አንድ ቆልማማ ቢላ፣ ስለቱን የሚጠብቅ አንድ ቁራጭ ቆዳ። ከዚህ የተለየ የምመክርበት ሁኔታም አለ፤ በየቦታው አነሣዋለሁ።

እርጥብ እንጨት፣ ደረቅ እንጨት፣ ወይስ ተቆርጦ የተዘጋጀ?

ሌላው ምርጫ ሁሉ የሚከተለው ይህንን ነው። አዲስ የተቆረጠ እንጨት ውስጡ ውኃ ሞልቷል። ውኃው ቃጫውን ስለሚያለሰልሰው ስለት ሲያርፍበት ሳሙና የመቁረጥ ያህል ይቀላል፤ ረጅም ፍቅፋቂ እየተጠቀለለ ይወርዳል። እርጥበቱ ከእንጨቱ ደረቅ ክብደት 30 በመቶ ገደማ በታች መውረድ ሲጀምር ግን እንጨቱ ይጠነክራል፣ መኮማተርም ይጀምራል። በእርጥቡ ላይ በአንድ ግፊት የሚነሣው ፍቅፋቂ በደረቁ ላይ ሦስትና አራት ጊዜ መግፋት ይጠይቃል። የእጅ አንጓ የሚዝለው፣ ቢላም የሚያመልጠው ያኔ ነው። እንጨቱ እምቢ ሲል ኃይል ጨምሮ መግፋት ለጀማሪ ትልቁ የመቁሰያ ምክንያት ነው።

እርጥብ እንጨት ግን ዕዳ አለበት፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ለምን እንደሚሰነጠቅ መረዳት ደግሞ ከማንም መሣሪያ በላይ ይጠቅማል። እንጨት ሲደርቅ በሁሉም አቅጣጫ እኩል አይኮማተርም። በዕድገት ቀለበቶቹ ዙሪያ የሚኮማተረው ከመሐል ወደ ቅርፊት ከሚኮማተረው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው፤ በቁመቱ አይኮማተርም ማለት ይቻላል። እምብርቱን፣ ማለትም በግንዱ መሐል ለመሐል የሚያልፈውን ቀጭን መስመር፣ እንደያዘ የቀረ ድቡልቡል ቅርንጫፍ ሲደርቅ እንግዲህ ዙሪያው ይጠብባል፣ መሐሉ ግን በዚያው ልክ አይከተለውም። ስለዚህ አንድ ቦታ ላይ ይፈነዳል።

የመጀመሪያ ማንኪያዬን የሠራሁት ክንድ ከሚያህል ቅርንጫፍ ነበር። እምብርቱ በማንኪያው ሆድ፣ ማለትም ምግብ በሚይዘው ጎድጓዳ ክፍሉ፣ መሐል ለመሐል ሲያልፍ አይቼዋለሁ፤ ቀጭን መስመር ስለሆነች ምንም አታመጣም ብዬ አለፍኳት። በሦስተኛው ቀን ከከንፈሩ እስከ አንገቱ ተሰንጥቆ አገኘሁት። መፍትሔው ግንዱን በእምብርቱ በኩል ለሁለት ፈልጦ፣ እምብርቱንና በዙሪያው ያለውን ግማሽ ሴንቲሜትር ያህል አንሥቶ መጣል ነበር። ግንዱ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ውፍረት ካለው ይህን ሁሉ አንሥታችሁም ከየፍልጡ አንዳንድ ማንኪያ ይወጣችኋል።

እምብርቱ ከወጣ በኋላ የሚቀረው አደጋ የችኮላ ማድረቅ ነው። ሻካራ ቅርጹ የወጣለትን ማንኪያ ከራሱ ፍቅፋቂ ጋር በወረቀት ከረጢት ከትታችሁ ከፀሐይና ከእሳት የራቀ ቦታ አስቀምጡት። የሆዱ ግድግዳ በሁሉም ቦታ ተቀራራቢ ውፍረት፣ 5 ወይም 6 ሚሊሜትር ያህል ይኑረው፤ አንዱ ጎን ወፍራም ሌላው ቀጭን ሲሆን ቀጭኑ ቀድሞ ደርቆ ወፍራሙን ይጎትታል። መድረቁን በዓይን መገመት ያስቸግራል። በየቀኑ በወጥ ቤት ሚዛን መዝኑት፤ ክብደቱ መቀነስ ሲያቆም ደርቋል። እንዲህ የሳሳ እንጨት አብዛኛውን ጊዜ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ይበቃዋል።

ዛሬ ቅርንጫፍ አግኝታችሁ የምትቀርጹት ከሳምንት በኋላ ከሆነ ደግሞ በፕላስቲክ ጠቅልላችሁ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስቀመጥ ወይም ውኃ ውስጥ መንከር ይቻላል። ረጅም ግንድ ከሆነ ሁለቱን ጫፎቹን በሰም ወይም በቀለም ቀቡ፤ ውኃው በፍጥነት የሚያመልጠው ከተቆረጠው ጫፍ በኩል ነው።

ደረቅ እንጨት የሚመረጥበት ጊዜም አለ። አዲስ የተቆረጠ ዛፍ የማያገኝ፣ ሞርሳ የታሰረበት ባንኮ ያለው፣ ሞረድና ብርጭቆ ወረቀት መጠቀም የማይከብደው ሰው በደረቅ እንጨት ጥሩ ማንኪያ ይሠራል። ትልቁ ጥቅሙ ሥራው ያለቀ ዕለት ማለቁ ነው። ከዚያ በኋላ አይጣመምም፣ አይሰነጠቅም፣ ሳምንት አያስጠብቅም። ነገር ግን ሥራው ከቢላ ሥራነት ይልቅ ወደ አናጺነት ይጠጋል፦ በመጋዝ መቁረጥ፣ በመሮ መጎድጎድ፣ በሞረድ መሞረድ። ያንን የሚወድ ሰው ያንን ይምረጥ። ሶፋው ላይ ተቀምጦ በቢላ ብቻ እፍቃለሁ ብሎ ደረቅ ጣውላ የሚገዛ ሰው ግን በራሱ ላይ ፈርዷል።

ሦስተኛው አማራጭ አስቀድሞ በማንኪያ ቅርጽ በመጋዝ ተቆርጦ የሚሸጠው ነው። ብዙውን ጊዜ ከሊንደን እንጨት የሚሠራ ነው፤ በጣም ለስላሳ ስለሆነ ደርቆም በቢላ ይሄዳል። ቢላ አያያዝን ለመለማመድ፣ መጥረቢያ ማንሣት ለማይቻልበት ጠባብ ቤት፣ ቁጭ ብሎ ከልጅ ጋር ለመሥራት እመክረዋለሁ። ዘወትር ድስት ለማማሰል ግን አይሆንም፤ ጫፉ ቶሎ ይጎረብጣል፣ ውኃ በነካው ቁጥርም ቃጫው እየቆመ ጸጉር ያወጣል። ሁለት ተለማምዳችሁበት ወደ እርጥብ እንጨት እለፉ።

የተፈለጠ እንጨት ይሻላል ወይስ በመጋዝ የተሰነጠቀ ጣውላ?

ማንኪያ የሚሰበረው አንገቱ ላይ ነው። ከላይ ሲታይ ቀጭን የሆነው፣ ግፊቱም ሁሉ የሚያርፍበት ቦታ ነውና። በዚያ ቦታ ቃጫዎቹ ከእጀታው ተነሥተው ሳይቋረጡ ወደ ሆዱ የሚያልፉ ከሆነ ማንኪያው ይጸናል። በሰያፍ የሚያቋርጡት ከሆነ ግን በትንሽ ጫና በዚያው መስመር ላጥ ብሎ ይለያል።

ግንድ በመጥረቢያ ወይም በሽብልቅ ሲፈለጥ ስንጥቁ የሚሄደው ቃጫውን ተከትሎ ስለሆነ የሚወጣው ፍልጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያልተቋረጠ ቃጫ አለው። መጋዝ ግን ቃጫ አያውቅም፤ ግንዱ ቢጣመምም እርሱ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ስለዚህ ከጣውላ የምትሠሩ ከሆነ የጣውላውን ጎን አገላብጣችሁ መስመሮቹ ከጠርዙ ጋር ጎን ለጎን መሄዳቸውን ተመልከቱ። ከፊት ገጹ ይልቅ ጎኑ ነው እውነቱን የሚናገረው።

እዚህ ላይ አንድ የምወደውን ነገር ልጨምር። በተፈጥሮው የጎበጠ ቅርንጫፍ ስታገኙ አትናቁት። ጉብጠቱ ሆዱና እጀታው በሚገናኙበት ቦታ ላይ እንዲውል አድርጋችሁ ብትፈልጡት ቃጫው ራሱ ከማንኪያው ጋር ይጎብጣል። ከቀጥተኛ ፍልጥ ጎባጣ ማንኪያ ለማውጣት ቃጫ መቁረጥ ግድ ነው፤ ከጎባጣው ግን ቀጭንና ጠንካራ ጭልፋ ይወጣል። ለጀማሪ ትንሽ ይከብዳል፤ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ማንኪያችሁ ይሁን።

የትኛው ዛፍ?

የእንጨት ጥንካሬ ከሚለካባቸው መንገዶች አንዱ ጃንካ ይባላል። 11.28 ሚሊሜትር ስፋት ያለው የብረት ኳስ እስከ ግማሹ እንጨቱ ውስጥ እንዲገባ ምን ያህል ኃይል እንደሚጠይቅ ይለካል። ደረቅ ሆነው ሲለኩ የአሜሪካው ሊንደን 410 ፓውንድ ኃይል ገደማ ነው፤ ቼሪ 950፣ ጥቁር ዋልነት 1,010፣ ጠንካራው ሜፕል 1,450፣ የወይራ እንጨት ደግሞ 2,700 ገደማ። ለጀማሪ የምመርጠው ከመሐል ያሉትን፣ ማለትም ቼሪን፣ ለስላሳ ሜፕልን፣ በርችንና የአፕልን ዓይነት የፍሬ ዛፎችን ነው፤ ያውም እርጥብ ሳሉ። ቀዳዳቸው ደቃቅ ነው፣ ስለት ሲያልፍባቸው ያብረቀርቃሉ፣ ደርቀውም በየቀኑ ለመገልገል ይበረታሉ። ወይራ ውብ ነው፤ ነገር ግን የመጀመሪያ እንጨታችሁ አይሁን።

የሚሸሹትን በአጭሩ ልጥቀስ። ፓይንና መሰሎቹ ሙጫ አላቸው፤ በአንዱ ቀለበት ውስጥም ለስላሳና ጠንካራ እየተፈራረቀ ስለት ያስታል። የኦክ ቀዳዳ ሰፊ ስለሆነ የምግብ ቅሪት ይይዛል። ባሕር ዛፍ አብዛኛውን ጊዜ ቃጫው የተጠማዘዘ ነው፣ ሲደርቅም ብዙ ይኮማተራል። ኦሊያንደር መርዛማ ስለሆነ ፈጽሞ ለማንኪያ አይሆንም። ስሙን በእርግጠኝነት የማታውቁትን ዛፍም ወደ አፍ ለሚገባ ዕቃ አትጠቀሙበት። አንጓ የበዛበት ቁራጭ ከሆነ ዛፉ የትኛውም ቢሆን ለጊዜው ይቅር።

ቀጥ ያለው ቢላ

ለዚህ ሥራ የተለመደው ቢላ ስሎይድ ይባላል፤ ስሙ “የእጅ ሥራ” ከሚለው የስዊድን ቃል የመጣ ነው። ስለቱ አጭር ነው፤ በሁለቱም ጎን ከወርዱ መሐል ገደማ ተነሥቶ እስከ ጫፉ በአንድ ሰፊ ተዳፋት ተስሏል። ለእንጨት የሚመቸውም በዚህ ተዳፋት ነው። ተዳፋቱን እንጨቱ ላይ አስተኝታችሁ ስትገፉ ቢላው ተደግፎ ይሄዳል፤ ጀርባውን በጥቂቱ ቀና ስታደርጉ ይጠልቃል፣ ዝቅ ስታደርጉ ይወጣል። የፍቅፋቂውን ውፍረት የምትቆጣጠሩት እንዲህ ነው።

የወጥ ቤት ቢላ ይህን አይሰጥም። ስለቱ ጫፍ ላይ ሌላ ጠባብ ተዳፋት ስላለው የሚደገፍበት የለውም፣ ብረቱም ስስ ስለሆነ ይተጣጠፋል። ሰንጢ ይሻላል፤ ግን መቆለፊያ የሌለው ሰንጢ በጫና ወደ ጣት ሊታጠፍ ስለሚችል አልመክረውም። በስዊድኗ የሞራ ከተማ ስም ከሚጠሩት ቢላዎች 106 እና 120 የሚባሉት በጀማሪዎች ዘንድ በጣም የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው ስለት 8 ሴንቲሜትር ገደማ፣ የሁለተኛው 6 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ረጅሙ እጀታ ላይ ረጅም ፍቅፋቂ ለማንሣት ያመቻል። እኔ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ አጭሩን እመርጣለሁ፤ ጫፉ ለእጅ ቅርብ ስለሆነ የት እንዳለ አይጠፋባችሁም። ካርበን ብረት በቀላሉ ይሳላል፣ እርጥብ ካደረ ግን ይዝጋል፤ ሥራ ሲያልቅ ጠርጎ ዘይት ማስነካት ነው።

ለመጎድጎድ፦ ቆልማማ ቢላ ወይስ ጎድጓዳ መሮ?

ጀማሪ ከሁሉ የሚወዛገብበት ምርጫ ይህ ነው፤ ሁለቱም የየራሳቸው ቦታ አላቸው።

ቆልማማው ቢላ ስለቱ እንደ ማጭድ የታጠፈ አጭር መሣሪያ ነው። ማንኪያውን በአንድ እጅ፣ ቢላውን በሌላው ይዛችሁ ከሆዱ ጠርዝ ወደ መሐሉ እየጠመዘዛችሁ ትቆርጣላችሁ። ባንኮ አይፈልግም፣ ሞርሳ አይፈልግም፤ ወንበርና ብርሃን ካለ ይበቃል። በእርጥብ እንጨት ላይ ፈጣን ነው፣ የሆዱንም ወለል አለስልሶ ይተወዋል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ ለመሳል ከቀጥተኛው ቢላ ይከብዳል። ሁለተኛ አውራ ጣት አደጋ ላይ ይወድቃል፦ ቢላውን ወደ ራሳችሁ ስትስቡ አውራ ጣታችሁ ስለቱ በሚወጣበት መስመር ላይ ካለ መቁሰሉ አይቀርም። ጣቱን ከሆዱ ጠርዝ በታች፣ በውጭው ጎን አስደግፉት፤ ስለቱ ቢያመልጥ በላዩ አልፎ አየር ላይ ይቀራል።

ጎድጓዳ መሮ በሌላ መንገድ ነው የሚሠራው። እንጨቱ ባንኮ ላይ ይታሰራል፤ መሮው በሁለት እጅ ይገፋል ወይም በእንጨት መዶሻ ይመታል። ደረቅ እንጨት ላይ ቆልማማው ቢላ ሲዝል መሮው አይዝልም። ጥልቅ ጭልፋ ለመጎድጎድም ብዙ እንጨት በአጭር ጊዜ ያነሣል። ስለታም ሆኖ ለመቆየት ቀላል ነው፣ ሁለት እጅ መሮው ላይ ስለሆነም ሁለቱም እጆች ከስለቱ ኋላ ናቸው። አንድ ክልክል ነገር ብቻ አለ፦ ማንኪያውን በመዳፍ ይዞ በሌላው እጅ መሮ መግፋት። ያመለጠ መሮ መዳፍን ይወጋል፤ እንዲህ ያለ ቁስል ደግሞ ጅማት ይነካል።

ምርጫው እንግዲህ በእንጨቱና በቤታችሁ ይወሰናል። እርጥብ እንጨትና ወንበር ካላችሁ ቆልማማው፤ ደረቅ እንጨትና ሞርሳ ካላችሁ መሮው፣ 20 ሚሊሜትር አካባቢ ስፋት ያለው። ቆልማማውን ለሚገዙ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥ። እጅግ የጠበበ ጥምዝ ያለውን አትግዙ፤ ጠባብ ጥምዝ ሆዱን በቦይ ይሞላዋል፣ ቦዮቹን ማስተካከል ደግሞ ከመጎድጎዱ ይረዝማል። ሰፋ ያለ ጥምዝ፣ በአንድ ጎን ብቻ የተሳለ፣ ከምትጠቀሙበት እጅ ጋር የሚሄድ ይሁን። ግራኝ ለሆነ ሰው ለቀኝ እጅ የተሠራው አይሆንም፤ ሻጩ ካልጠየቀ እናንተ ጠይቁ። በሁለቱም ጎን የተሳለው ሁለገብ ይመስላል፤ ነገር ግን ጀርባውን በአውራ ጣት ገፍቶ መሥራት ይከለክላል።

አቆራረጡን በተመለከተ፣ በሆዱ ውስጥ ከቃጫው ጋር ከመሄድ ይልቅ ቃጫውን ማቋረጥ ይሻላል። ከአንዱ ጎን እስከ መሐል፣ ከሌላውም ጎን እስከ መሐል። ከቃጫው ጋር ቁልቁል ወርዳችሁ ወደ ማዶው ለመውጣት ከሞከራችሁ ስለቱ ከቃጫው ሥር ይገባና እንጨቱን ይቦጭቃል።

መጥረቢያ ግድ ነው?

ግድ አይደለም፤ ቢኖር ግን የሥራውን ግማሽ ያፈጥነዋል። ከ500 እስከ 900 ግራም የሚመዝን፣ ዛቢያው አጭር የሆነ መጥረቢያ በጥቂት ደቂቃዎች የሚጠርበውን ቢላ አንድ ሰዓት ይፈጅበታል። በጉልበትና በዳሌ መካከል ከፍታ ያለው ጉማጅ ግንድ ላይ አቁማችሁ፣ የያዘው እጅ ሁልጊዜ ስለቱ ከሚያርፍበት በላይ ሆኖ፣ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ እየወጣችሁ ጥረቡ።

ጫጫታው ጎረቤት የሚረብሽበት ቤት ያላችሁ ሰዎች መጋዝ ተጠቀሙ። የማንኪያውን ቅርጽ በእርሳስ ከሣላችሁ በኋላ አንገቱ በሚጠብበት ቦታ ከሁለቱም ጎን እስከ መስመሩ በመጋዝ ሸርሽሩ፤ ከዚያ ቢላ ከእጀታው ጫፍ አስገብታችሁ ስትመቱት ትርፉ እንጨት እስከ መጋዙ መስመር ተፈልጦ ይወድቃል። መጋዙ ስንጥቁ ወደ ሆዱ እንዳያልፍ ያቆመዋል። ይህን ዘዴ መጥረቢያ ላላቸውም እመክረዋለሁ።

ገንዘብ ለተጨማሪ መሣሪያ ወይስ ለመሳያ?

ለመሳያ። በዚህ ላይ አልደራደርም። ሦስተኛና አራተኛ ቢላ ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁን ሁለቱን ስለት መጠበቅ ተማሩ። አንድ ጠፍጣፋ እንጨት ላይ ቆዳ ለጥፋችሁ፣ አረንጓዴውን የማለስለሻ ቅባት አሽታችሁ፣ ስለቱን ወደ ኋላ እየጎተታችሁ አሥርና ሃያ ጊዜ አመላልሱት። ወደ ፊት ከገፋችሁት ቆዳውን ይቆርጣል። ይህን በየ20 እና 30 ደቂቃው ካደረጋችሁ ወደ ድንጋይ የምትመለሱት ከስንት አንዴ ነው። ለቆልማማው ቢላ የውኃ ብርጭቆ ወረቀት በክብ ዱላ ላይ ጠቅልላችሁ ውስጡን፣ በጠፍጣፋ እንጨት ላይ ለጥፋችሁ ውጩን ሳሉ፤ ከ400 ጀምሮ በ800 አልፎ እስከ 2,000 ቁጥር (ቁጥሩ ሲጨምር ወረቀቱ ይደቅቃል)።

ስለቱ መዳከሙን ለማወቅ ጣት አያስፈልግም። ቃጫውን አቋርጣችሁ ቁረጡና ገጹን ብርሃን ላይ ያዙት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ ደህና ነው። ደብዝዞ ጸጉር ካወጣ ስለቱ ደክሟል። ቀጭን ነጭ ጭረት እየደጋገመ ከታየ ስለቱ አንድ ቦታ ተሸርፏል።

ጓንትን በተመለከተ፣ መቆረጥን የሚቋቋመው ጓንት በያዘው እጅ ላይ ቢጠለቅ ይጠቅማል፤ መወጋትን ግን አይከላከልም። ከጓንት የሚበልጠው አቀማመጥ ነው። በሁለት ጭኖቻችሁ መካከል ወደ ውስጥ አትቁረጡ፤ እዚያ ትልቅ የደም ሥር አለ። ክርኖቻችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ከጉልበት ወዲያ ሥሩ፣ ወይም ወደ ጎን ዞራችሁ።

የትኛውን ቅርጽ ቀድሞ?

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በስዊድን ነዓስ በተባለ ስፍራ የእጅ ሥራ መምህራንን ያሠለጥን የነበረው ኦቶ ሳሎሞን ትምህርቱን ያዋቀረው ከቀላል ወደ ከባድ በሚሄዱ ዕቃዎች ነበር፤ እያንዳንዱ ዕቃ ባለፈው ላይ አንድ አዲስ የአቆራረጥ ስልት ይጨምራል። በማንኪያም ይህን ቅደም ተከተል ብትይዙ ትጠቀማላችሁ።

ጠፍጣፋ ማማሰያ ሆድ የለውም፤ በቀጥተኛው ቢላ ብቻ ያልቃል። ቆልማማ ቢላ ገና ያልገዛ ሰው ከዚህ ይጀምር። ቃጫ የሚወጣበትንና የሚወርድበትን አቅጣጫ ያስተምራል፤ ወጥ ቤት ውስጥም ሥራ አያጣም።

ሁለተኛው የማብሰያ ማንኪያ ነው፤ ከ28 እስከ 32 ሴንቲሜትር ርዝመት፣ 6 ሴንቲሜትር ያህል የሆድ ስፋት ያለው። ቆልማማውን ለገዛ ሰው ከሁሉ የምመክረው መነሻ ይህ ነው። ትልቅ ስለሆነ እጅ ይይዘዋል፣ ሆዱ ጥልቅ መሆን የለበትም፣ አንድ ጎኑ ከሌላው 2 ሚሊሜትር ቢበልጥ ድስቱ አይቀየምም። አንገቱን ከላይ ሲታይ አጥብቡት፣ ከጎን ሲታይ ግን ወፍራም አድርጉት። ጫናው ከላይ ወደ ታች ስለሆነ ብርታት የሚሰጠው ያ ውፍረት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ ይህን ገልብጦ ይሠራዋል።

የመመገቢያ ማንኪያ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ከንፈር ላይ የሚያርፍ ዕቃ ነው፤ ከንፈር ደግሞ የግማሽ ሚሊሜትር ስሕተት ያውቃል። ጠርዙ ስስ፣ ሆዱ ከ8 ሚሊሜትር ያልበለጠ ጥልቀት ያለው፣ ጎኖቹ እኩል መሆን አለባቸው። አምስት የማብሰያ ማንኪያ ከሠራችሁ በኋላ ሞክሩት። ጭልፋም እንዲሁ ይቆይ፤ ብዙ እንጨት፣ ብዙ መጎድጎድ፣ ለመሰንጠቅም ብዙ ዕድል አለው።

ስለ ጌጥም ጥያቄ ይነሣል። በዌልስ ወጣቶች ለሚወዷት ልጅ ይቀርጹት የነበረው የፍቅር ማንኪያ ከአንድ እንጨት ሳይነጠል የወጣ ሰንሰለትና ከዚያው እንጨት በተፈለፈለ ፍርግርግ ውስጥ የምትንከባለል ኳስ ሳይቀር ይኖረው ነበር፤ በዚያው አገር ሴንት ፋገንስ ሙዚየም ያለው አንዱ 1667 የሚል ዓመት ተቀርጾበታል። እነዚያ የተሠሩት የእጅን ጥበብ ለማሳየት ነው። የእናንተ የመጀመሪያ ማንኪያ ግን ጌጡ የአንገቱ መስመር ይሁን፤ እጀታው ላይ የምትጨምሩት ቅርጽ የተጣመመ አንገትን አይሸፍንም።

በቢላ ማለስለስ ወይስ በብርጭቆ ወረቀት?

እርጥብ እንጨት በብርጭቆ ወረቀት አይለሰልስም፤ ወረቀቱ ወዲያው ይደፈናል። ስለዚህ በሁለቱም መንገድ መጀመሪያ ማንኪያው ይድረቅ። ከደረቀ በኋላ በጣም በተሳለ ቢላ ስስ ስስ ፍቅፋቂ እያነሣችሁ ብትጨርሱት ቃጫው ተቆርጦ ስለሚዘጋ ሲታጠብ ጸጉር የማውጣቱ ነገር ይቀንሳል፤ ገጹ ላይ የሚቀሩት ጠፍጣፋ የቢላ አሻራዎችም ለእጅ ይመቻሉ። እኔ ይህን እወዳለሁ። ብርጭቆ ወረቀት ግን ይቅር ባይ ነው፦ ቢላው የቦጨቀውን ያስተካክላል፣ ሆዱንም መስተዋት ያስመስለዋል። የምትጠቀሙበት ከሆነ ከ120 ጀምራችሁ እስከ 240 ወይም 320 ሂዱ፤ ከዚያ ማንኪያውን በውኃ አርሳችሁ፣ አድርቃችሁ፣ የቆመውን ጸጉር በመጨረሻው ቁጥር ደግማችሁ አንሡት። ወረቀቱ ደቃቅ ብናኝ እንጨቱ ውስጥ ስለሚተው ከወረቀት በኋላ ወደ ቢላ መመለስ ስለቱን ይጎዳል። ቢላ ይቅደም፣ ወረቀት ይከተል።

ዘይት

እዚህ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የተልባ ዘይት፣ የዋልነት ዘይትና የተንግ ዘይት አየር ሲነካቸው እየጠነከሩ የሚደርቁ ናቸው፤ ሚኔራል ዘይት አይደርቅም፣ ስለዚህ በእጥበት እየወጣ ደጋግሞ መቀባት ይፈልጋል። የወይራ ዘይትም አይደርቅም፣ ቆይቶም ይሸታል። የምመርጠው ንጹሕ የተልባ ዘይትን ነው። “የተቀቀለ” ተብሎ ለቀለም ሥራ የሚሸጠው ማድረቂያ የብረት ውሑዶች ስለሚጨመሩበት ለማንኪያ አይሆንም። የዋልነት ዘይት ጥሩ ነው፤ ማንኪያውን ለሌላ ሰው የምትሰጡት ከሆነ ግን የለውዝና የመሰል ፍሬዎች አለርጂ እንደሌለበት ጠይቁ።

ዘይቱን በብዛት ቀብታችሁ፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቃችሁ፣ ያልጠጣውን ሙልጭ አድርጋችሁ ጥረጉ። የተልባው ዘይት በደንብ እስኪደርቅ ሳምንታት ይወስዳል፤ በዚህ ጊዜ ፀሐይ ማስነካት ያፋጥነዋል። የጠረጋችሁበትን ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት። የተልባ ዘይት ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ የተጨበጠ ጨርቅ ውስጥ ያ ሙቀት መውጫ አጥቶ ያለ ክብሪት እሳት ሊያስነሣ ይችላል። ወይ ውጭ ዘርግታችሁ አድርቁት፣ ወይ ውኃ ውስጥ ነክራችሁ ክዳን ባለው ቆርቆሮ አስቀምጡት።